ሆዱ

በዚህ አገር ቋንቋ፣ የቱርክ ዶሮ ስሙ ሲጠሩት «ሆዱ» ነው፤
በመጣሁ ሰሞን ላይ «የማን ሆድ?» ብላቸው፣
ቀልዴ አልገባቸው።
ጌድዮን አሠሪዬ «ህንድ ማለት» ብሎ ምሥራቁን አሳየኝ፤
እኔ ግን አሥር ዓመት፣ ከጊልቦዓ ግርጌ፣ በቆርቆሮው ጥላ፣
«ሆዱን ያዘው!» ሲለኝ፣
የሚያመው ሰው እንጂ፣ ወፍ መስሎም አይታየኝ።

ሠላሳ ኪሎ ነው አንዱ ወንድ ሲመዘን፤
ደረቱ እንደ ትራስ፣ እግሩ እንደ ሸንበቆ፣
ለገበያ ብለን ያሳበጥነው እኛው ነን።
እንስቷ ላይ ቢወጣ አጥንቷ ይሰበራል፣
ወይ ይንገዳገድና ራሱ ይወድቃል፤
ስለዚህ ለፍቅሩ
እጅ ተቀጥሮለታል።

ጎሕ ሳይቀድ ነው የኛ ሥራ፤
እግሩን በጉልበቴ አጥብቄ ይዤ፣
ጀርባውን ስዳብስ ቁልቁል እስከ ጭራ፣
ይንቀጠቀጥና ጠብ ያደርግልኛል፤
ሁለት ሦስት ጠብታ፣ እንደ ዓይን መድኃኒት፣
ከብልቃጡ ወለል ወርዶ ያበራል።

መልኩን አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ተምሮታል፦
ሰልባቦት ከመሰለ ደግ ነው፣ ያገለግላል፤
ቢጫ ከሆነ ግን ኩሱ ነክቶታል፣ ሌላውን ያበላሻል፤
አጓት ከመሰለ…
አጓት ከመሰለ፣ ጌድዮን ዝም ብሎ ቁጥሩን ያከብበዋል።

በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብዬ ሳየው፣
እንደ ተነካ ቀፎ ሲተራመስ ነው ደስ የሚለው።
እንደ ኮርማ ዘር በረዶ አይችልም፣
ውሎ ማደር አያውቅም፤
ፕራሰርት አቅጥኖ፣ በቀሰም ሞልቶ፣ ይሮጣል ወደ ሚስቴ፤
ትጓደድ ከጉድጓዱ እስከ ወገቧ ቆማ፣
ሆዳቸውን ጫን፣ ቀሰሟን ቀስ፣ ጫን፣ ቀስ፣
ሺህ እንስት ታሳልፋለች ሳትል «ወይ ጉልበቴ»።

እኔና እሷን ለማጋባት፣
ሽማግሌ ተቀምጦ ቆጥሯል ሰባት ቤት፤
ስምንተኛውን ግን
የቆጠረ የለም እስከ ዛሬ ዕለት።

ግንቦት ላይ ሻራቩ ከዮርዳኖስ ማዶ ነደደ።
ማራገቢያው ቆመ። መንጋው ምንቃር ከፍቶ
ሦስት ቀን ሙሉ አለከለከ።
ሳምንት ሳይቆይ፣ አርባ አንድ ቁጥር፣ ያ ጉረኛው፣
ቀይ ሥጋ ከምንቃሩ ላይ ያንጠለጠለው፣
አጓት ነው የሰጠኝ፤ እንደ ውሃ ወረደ።
«ነገ ይውጣ» አለ ጌድዮን። መውጣት ማለት ቢላ ነው።
እስክሪብቶው ግን በእጄ ነው።

ኪሴ ውስጥ ደግሞ አንዲት ወረቀት አለች፣
ከአፉላ ሆስፒታል፣ አራት ላይ የታጠፈች፣ በላብ የራሰች።
እኔም ብልቃጥ ይዤ ገብቼ ነበረ
ከሚቆለፍ ክፍል፣ ከፕላስቲክ ወንበር፤
ጀርባዬን የሚዳብስ ማንም አልነበረ።
«እንቅስቃሴ፦ አሥራ አንድ ከመቶ» ትላለች።
ሐኪሟ «ሙቀት ውስጥ ነው የምትሠራው?» ብላ፣
መልሴን ሳትጠብቅ «ከሦስት ወር በኋላ ይደገም» ጻፈች።

ለትጓደድ አልነገርኳት፤ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።
ከአርባ አንድ ቁጥር ትይዩ፣
ክቡን ትቼ፣
«ይደገም» ብዬ ጽፌያለሁ።

ማታ መዝገቡን አየችው፣ ጓንቷን በጥርሷ እያወለቀች፤
«ለዚህኛው ደግሞ ማን አዘነለት?» አለች።
«ሙቀቱ ይሆናል» አልኳት።
ዝም አለች። ከፊቴ ይልቅ ኪሴን አየች።
«እንጃ» አለች በመጨረሻ፣
«የሆዱን ማን ያውቃል?»

የተጠገነው ማራገቢያ ተንገራግጮ ተነሣ፤
እነሱ ለድምፅ ሁሉ መላሽ ናቸውና፣
ሁለት መቶ ሆድ
ባንዴ ጮኸ።